በባዶ ክፍል የምትሞቅ ሳጥን



እኔ በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም፣ አሥራ አንድ ዓመት መሰላል ተሸክሜ ከቤት ቤት እየዞርኩ ገመድ የዘረጋሁ ሰው ነኝ። ከገባሁባቸው ቤቶች ብዙዎቹ የእኛው ሰው ቤቶች ነበሩ። ሥራዬን ስጨርስ ቡና ይቀርባል፤ ከቡናው ጋር ደግሞ የኢንተርኔትና የኬብል ቢሉ ይወጣል። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እያት፤ ይህን ሁሉ የምከፍለው ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። ያኔ ሌላ ቤት ስለሚጠብቀኝ ጥቂት ቃል ተናግሬ እወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰዓት አለን።

ካቻምና ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንድ አፓርታማ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ኢንተርኔታቸው እየተቆራረጠ ያስቸገራቸው አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ሳሎኑን ጨርሼ ወደ ውስጠኛው ክፍል ስዘልቅ አልጋው ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ የጥልፍ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ልጁ ቴክሳስ ሥራ ይዞ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ቴሌቪዥኑ ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ከሥሩ ግን የኬብሉ ቦክስ ትንሿን አረንጓዴ መብራት እንዳበራች ተቀምጣለች። እጄን ሳሳርፍባት ትሞቃለች። ማንም በማይገባበት ክፍል፣ ሌት ተቀን፣ አራት ዓመት ሙሉ ስትሞቅ ኖራለች።

የዚያች ቦክስ ኪራይ በወር 10 ዶላር ነበር። በአራት ዓመት 480 ዶላር ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ሳይቆጠር ነው። ይህን የምላችሁ እኚያ እናት ቸልተኛ ስለሆኑ አይደለም። ሦስት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ሲጠብቁ ውለው፣ ማታ ገብተው የእያንዳንዷን ሳንቲም መውጫ የሚጽፉ ሴት ናቸው። ቢሉ ግን እሳቸው በሚያነቡት ቋንቋ አልተጻፈም፤ ቋንቋውን የምንችለው እኛም ብንሆን ቁጭ ብለን አናነበውም።

ቢሉን ከሚያስቀምጡበት አወጡልኝ። ፓስፖርቱም፣ የቤት ኪራይ ውሉም፣ የግሪን ካርዱ ወረቀትም ያለበት አንድ ወፍራም ፌስታል ነው፤ ስንቶቻችን ቤት ያ ፌስታል እንዳለ እናውቃለን። ሲፈርሙ የተነገራቸው ዋጋ፣ ለቴሌቪዥንና ለኢንተርኔት በአንድ ላይ፣ 89 ዶላር ከ99 ነበር። በየወሩ ከባንካቸው የሚወጣው ግን 175 ዶላር ከ44 ሳንቲም ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ መስመር በመስመር በእርሳስ እያሰመርን ወረድን። «የብሮድካስት ቲቪ ክፍያ» 25 ዶላር። «የአካባቢ ስፖርት ክፍያ» 14 ዶላር። የሁለት ቦክስ ኪራይ 20 ዶላር። የሞደም ኪራይ 15 ዶላር። ግብርና ልዩ ልዩ 11 ዶላር ከ45። ደምሩት፤ 175 ከ44 ይመጣል። አልተሳሳቱም፣ አልተሰረቁም፤ እያንዳንዱ መስመር ስም አለው። ስሙን ግን ማንም አላስረዳቸውም።

«በዚህ ቤት ምን ይታያል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እሑድ ቅዳሴው በዩቲዩብ ነው። ዜናውም፣ ድራማውም በዩቲዩብ ነው። ታዲያ ከኬብሉስ ምን ያያሉ? ትንሽ አሰቡና «አራት ቁጥር ቻናልን አያለሁ፤ ጠዋት ሳልወጣ የአየሩን ሁኔታ ይነግረኛል» አሉኝ።

አራት ቁጥር! ይህን መልስ ስሰማ መሣሪያዬን አስቀምጬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ጥቂት ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

ኬብል ቴሌቪዥን የተወለደው ተራራ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በፔንሲልቫኒያ፣ በኦሪገንና በአርካንሳስ ተራራ የጋረዳቸው ትናንሽ ከተሞች ነበሩ። የቴሌቪዥኑ ሞገድ በአየር ላይ ያልፋል፤ ተራራው ግን ወደ ሸለቆው እንዳይወርድ ይከለክለዋል። በፔንሲልቫኒያ ማሃኖይ ሲቲ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ጆን ዎልሰን የሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ተራራው አናት ላይ አንቴና ተክሎ፣ ገመድ ወደ ከተማው አወረደ። በኦሪገን አስቶሪያ ደግሞ ኤድ ፓርሰንስ የሚባል ሰው ከሆቴል ጣሪያ ላይ ያንኑ አደረገ። ስሙም መጀመሪያ «የማኅበረሰብ አንቴና» ነበር። ሰው የሚከፍለው ለአንቴናውና ለገመዱ እንጂ ለጣቢያው አልነበረም። ጣቢያው በአየር ላይ በነፃ ነው።

ያ ዛሬም አልተለወጠም። በዋሽንግተን አካባቢ ቻናል 4፣ 5፣ 7፣ 9፣ እንዲሁም የሕዝብ ጣቢያው 26፣ አሁን ይህን ስናገር በዚህ አዳራሽ ውስጥ በአየር ላይ እያለፉ ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በ1992 የወጣው የኬብል ሕግ ጣቢያዎቹ የኬብሉን ኩባንያ «ሥርጭታችንን በገመድህ የምታስተላልፍ ከሆነ አስፈቅደን፤ ከፈለግንም ክፈለን» ለማለት መብት ሰጣቸው። ክፍያው ዓመት ከዓመት እየጨመረ ሄደ፤ ኩባንያዎቹም ከዋናው ዋጋ ለይተው ለብቻው መስመር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። «የብሮድካስት ቲቪ ክፍያ» የምትለዋ መስመር እሷ ናት። ለይቶ ማስቀመጡ የነበረው ጉዳት ይታያችሁ፤ እስከ 2024 መጨረሻ ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው ዋጋ ዝቅ ብሎ ይቀር ነበር፣ ቢሉ ግን ከፍ ይል ነበር።

እንግዲህ እኚያ እናት አራት ቁጥርን ለማየት፣ ያውም በነፃ በአየር ላይ የሚያልፈውን ጣቢያ፣ 25 ዶላር በየወሩ ይከፍሉ ነበር። በዓመት 300 ዶላር ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በራሴ ሰዓት፣ 25 ዶላር የሚሸጥ ጠፍጣፋ አንቴና ይዤ ተመለስኩ። ወረቀት ያህል ቀጭን ነው። መስኮቱ መስታወት ላይ በማጣበቂያ ለጠፍኩት፤ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አስገብቼ ቻናል እንዲፈልግ አዘዝኩት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አራት ቁጥር መጣ፤ ምስሉ ከኬብሉ ይልቅ ጠራ። ኬብሉ ብዙ ቻናል በአንድ ገመድ ለማሳለፍ ምስሉን ይጨምቀዋልና አያስደንቅም። ከ2009 ጁን 12 ጀምሮ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ሁሉ ዲጂታል ስለሆኑ የድሮው የአንቴና ጭጋግና በረዶ የለም፤ ባብዛኛው ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ጨርሶ አይመጣም።

ለሁሉም ቤት ይሠራል ብዬ አላታልላችሁም። ቤዝመንት የሚኖር ሰው፣ ወይም መስኮቱ ከሌላ ሕንፃ ግድግዳ ጋር የተፋጠጠበት ሰው ላይሳካለት ይችላል። ስለዚህ የሚመለስ አንቴና ግዙ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ሞክሩት። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ከ1999 ጀምሮ ተከራይንም የሚመለከተው የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ፣ ለብቻችሁ በምትጠቀሙበት በረንዳ ላይ አንቴና ወይም እስከ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳል። አከራይ «ዲሽ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ስለለጠፈ ብቻ መብቱ አይጠፋም። የጋራ ጣሪያና የውጭ ግድግዳ ግን የእናንተ አይደለም፤ ግድግዳ መብሳትንም አከራዩ ሊከለክል ይችላል።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። በእኔ ሥራ ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት እዚህ ላይ ነውና ታገሡኝ።

በዚህ አገር ለረጅም ዘመን የቤት ስልኩ ራሱ የስልክ ኩባንያው ንብረት ነበር፤ ሰው በየወሩ ይከራየዋል፣ የራሱን ማገናኘት አይችልም። በ1968 ኮሚሽኑ ካርተርፎን በተባለው ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ መስመሩን እስካልጎዳ ድረስ ሰው የራሱን መሣሪያ ማገናኘት እንደሚችል ተፈቀደ። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ደግሞ የኬብል ቦክስም ሱቅ ውስጥ እንዲሸጥ አሰበ። ቦክሱ ላይ ግን አልተሳካም። ሁለት ሴናተሮች፣ ኤድ ማርኪና ሪቻርድ ብሉመንታል፣ በ2015 ኩባንያዎቹን ጠይቀው ያወጡት ቁጥር አለ፦ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 231 ዶላር ለቦክስ ኪራይ ይከፍል ነበር፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ደንበኛ ይከራይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚሽኑ ይህን ለመስበር ደንብ አቅርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ።

ሞደም ላይ ግን በሩ ክፍት ነው። የኬብል ኢንተርኔት ደንበኛ የራሱን ሞደም ገዝቶ ማስገባት መብቱ ነው። የ2019ኙ የቴሌቪዥን ተመልካቾች ጥበቃ ሕግ ደግሞ፣ በ2020 ዲሴምበር ሥራ ላይ የዋለው፣ ኩባንያ ላልሰጣችሁ፣ የራሳችሁ ለሆነ ዕቃ ኪራይ እንዳያስከፍላችሁ ከልክሏል። እንዲህ ያለ ሕግ ማስፈለጉ ራሱ ምን ይደረግ እንደነበር ይነግራችኋል። የራሳችሁን ሞደም አስገብታችሁ ኪራዩ ከቢሉ ካልወረደ ይህን ሕግ ጥቀሱ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በወር 15 ዶላር ኪራይ በዓመት 180፣ በአምስት ዓመት 900 ዶላር ነው። ደህና ሞደም ከ100 እስከ 200 ዶላር ይገኛል። ገና ዓመቱ ሳይሞላ ወይም ጥቂት አልፎ ራሱን ይመልሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አራት ነገር ልንገራችሁ፤ ባለማወቅ ገንዘባቸው የቀለጠ ሰዎች አውቃለሁ። ኩባንያው የሚቀበላቸው ሞደሞች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አለ፤ እዚያ የሌለውን አትግዙ። ካርቶኑ ላይ «ዶክሲስ 3.1» የሚል ፈልጉ፤ 3.0 የሚለው የ2006 ሥሪት ነው፣ ርካሽ ቢሆንም ጊዜው እያለፈበት ነው። የቤት ስልካችሁ በኬብሉ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ አረጋውያን ወላጆች ያሉበት ቤት፣ ሞደሙ የስልክ መሰኪያ ያለው መሆን አለበት። ተራውን ሞደም አስገብቶ የእናቱን ስልክ ሳያውቅ የቆረጠ ልጅ አጋጥሞኛል፤ እናትየው የአደጋ ጥሪ ቁልፍ አንገታቸው ላይ የሚያደርጉ ሴት ነበሩ፣ ቁልፉም በዚያው መስመር ነበር የሚሠራው። ከሰው እጅ ያገለገለ ሞደምም አትግዙ፤ በሌላ ሰው አካውንት ላይ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል።

ኪራይ ሁልጊዜ ክፉ ነው አልልም። በየስድስት ወሩ ቤት ለሚቀይር፣ ሲበላሽም ራሱ መተካት ለማይሆንለት ሰው ጥቅም አለው። ዕቃው ሲቃጠል ኩባንያው ይቀይርለታል። ፋይበር የገባላችሁ ደግሞ ጉዳያችሁ ይለያል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የብርሃን መቀበያ ሳጥን የኩባንያው ነው፣ እሱ አይገዛም፤ የራሳችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ራውተሩን ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን ዕቃዎች ልለያችሁ፤ ሰው ስለሚቀላቅላቸው ነው። ሞደም ከውጭ የመጣውን ምልክት ይቀበላል። ራውተር ደግሞ ያንን በዋይፋይ ለቤቱ ያድላል። ብዙ ጊዜ በአንድ ሳጥን ተጣምረው ይመጣሉ። ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው ብለው ከጠሩኝ ቤቶች ብዙዎቹ ችግራቸው ፍጥነቱ አልነበረም፤ ያቺ ሳጥን የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ከብረት መደርደሪያ ውስጥ፣ ቤዝመንት ውስጥ ከውኃ ማሞቂያው ጎን አግኝቻታለሁ። አንድ አባወራ ከ300 ሜጋቢት ወደ 1 ጊጋ አሳድገው፣ በወር 30 ዶላር ጨምረው፣ ላይኛው ፎቅ ያለችው ልጃቸው አሁንም ትምህርቷ ይቋረጥባታል። ሳጥኗን ከቤዝመንት አውጥቼ ደረጃው አናት ላይ ሳስቀምጣት ነገሩ አበቃ።

ቁጥሩም ያሳስታል። ማስታወቂያው የሚናገረው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የምንለካው በሜጋባይት ነው፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ኔትፍሊክስ ለጥሩ ጥራት ፊልም 5 ሜጋቢት፣ እጅግ ለጠራው ለፎር ኬ 15 ሜጋቢት በቂ ነው ይላል። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ቢያይ እንኳ 60 ነው። ኮሚሽኑ በ2024 ማርች ብሮድባንድ የሚባለውን መለኪያ ሲያሳድገው ለማውረጃ 100፣ ለመላኪያ 20 አደረገው። ለአብዛኛው ቤታችን ያ በቂ ነው። ጊጋ የሚያስፈልገው ቤት አለ፤ ትልልቅ ፋይል የሚልክ ባለሙያ፣ ብዙ ወጣት ያለበት ቤት። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ፦ አዲስ አበባ ካለች እህታችን ጋር በቪዲዮ ስናወራ ፊቷ ደርቆ ከቆመ፣ ድምጿም ከተቆራረጠ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከወዲያኛው ጫፍ ነው። እዚህ ስንት ጊጋ ብንገዛ ፊቷ አይንቀሳቀስም። ናፍቆታችን ላይ የሚሸጥልንን ፍጥነት እንጠንቀቅ።

አሁን «ቴሌቪዥኑን ላቋርጠው፣ ኢንተርኔቱን ብቻ ልያዝ» ብላችሁ ስትደውሉ የሚመጣውን ላስጠንቅቃችሁ። «ከለያየሽው የኢንተርኔቱ ዋጋ ይጨምራል» ትባላላችሁ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ የጥቅል ቅናሹ ይፈርሳልና። መልሱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከነግብሩ፣ ከነክፍያው፣ ከነኪራዩ፣ በወሩ መጨረሻ ከባንኬ የሚወጣው ጠቅላላ ስንት ነው?» ሌላ ቁጥር አትቀበሉ። ቴሌቪዥኑ ሲቆረጥ አብረውት የሚቆረጡ ብዙ መስመሮች አሉ፤ የብሮድካስቱ፣ የስፖርቱ፣ የቦክሱ። የከተማና የካውንቲ የፍራንቻይዝ ክፍያም የሚታሰበው በኬብል ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። በኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ግብር መጣልን ደግሞ በ1998 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፤ በ2016 ቋሚ ሆኗል።

እኚያ እናት ኢንተርኔቱን ብቻ ሲያስቀሩ፣ ከቀድሞው ጥቅል ተለይቶ፣ 65 ዶላር ሆነ። ሞደሙን 110 ዶላር ገዙ፤ አንቴናው 25። የወሩ ልዩነት 110 ዶላር ከ44 ነው፤ በዓመት 1,325 ዶላር ይሆናል። ለዕቃው የወጣው 135 ዶላር በሁለተኛው ወር ተመለሰ። «ይህ የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው» አሉ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም።

አስገዳጅ ሆኖ ስለመጣ አንድ ወረቀት ልጠቁማችሁ። ከ2024 አፕሪል 10 ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ኢንተርኔት ሲሸጡ፣ ምግብ ካርቶን ላይ እንዳለው ሰንጠረዥ ያለ፣ ሌብል የሚባል መግለጫ ማሳየት አለባቸው፦ የወር ዋጋው፣ የመግቢያ ቅናሽ ከሆነ መቼ እንደሚያልቅና ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሆን፣ የዕቃው ኪራይ፣ በተለምዶ የሚገኘው ፍጥነት። ሻጩን «ሌብሉን አሳየኝ» በሉት። በዲሲ ከተማ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ያ ሕግ ግን የግል ኩባንያን አይመለከትም። ስለዚህ ይህን ሰንጠረዥ ለእናቶቻችን ማንበብ የእኛ የልጆች ሥራ ነው።

ብዙዎቻችሁ በየወሩ 30 ዶላር ይቀንስላችሁ የነበረው የፌዴራል ድጋፍ እንደቀረባችሁ አውቃለሁ። ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ይጠቀምበት ነበር፤ ኮንግረስ ገንዘብ ስላልጨመረለት በ2024 ጁን 1 ቆመ። የቀረው ላይፍላይን የሚባለው ድጋፍ ነው፤ በወር 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ትንሽ ናት፤ ግን ሜዲኬድ ወይም ፉድ ስታምፕ ያለው ቤተሰብ ሊያገኛት ይችላልና አትተዋት። ለአንድ ቤት አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው።

በመጨረሻ ዕቃውን ስለ መመለስ። ቦክሱን ሳይመልስ አገልግሎት ያቋረጠ ሰው ከወራት በኋላ የዕቃ ዋጋ ይጠየቃል፤ ካልከፈለም ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይተላለፋል፣ ክሬዲቱንም ያበላሽበታል። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ከጀርባዋ ያለውን ተከታታይ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ገመዱንም፣ ሪሞቱንም አብራችሁ መልሱ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከኩባንያው መስኮት ፊት አትነሡ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥርና ፎቶው አንድ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አነጻጽሩ።

እኚያ እናት ሁለቱን ቦክሶችና ሞደሙን በገበያ ዘንቢል ይዘው በአውቶቡስ ወሰዷቸው። አብሬያቸው ሄድኩ። ሠራተኛው ቁጥሮቹን መዝግቦ ወረቀቱን ሲሰጣቸው መነጽራቸውን አወጡ፤ ሦስቱንም ቁጥር በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅ አውጥተው አነበቡ። ከኋላችን ሰልፍ ነበር። አልቸኮሉም። ከዚያ አጣጥፈው ከግሪን ካርዱ ወረቀት ጋር እዚያ ፌስታል ውስጥ ከተቱት።

ቢል ይዛችሁ የመጣችሁ አውጡት። ከኋላ አራት ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል፤ እርሳስም አለ። እንግሊዝኛውን የሚያነቡላችሁ ወጣቶች በየጠረጴዛው ይቀመጣሉ። ከመጨረሻው ገጽ፣ ጠቅላላው ድምር ካለበት መስመር ጀምረን ወደ ላይ እናንብብ።